አባቴ በሁለት ስም

ሰኞ፣ ጥር 25

«ስምሽ አይገባም» አለኝ የሬከርድ ክፍሉ ሰውዬ። ኔትወርኩ ተቋርጦ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት መጉረምረም ሲጀምሩ ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዙሮ አሳየኝ። በትምህርት ቤቱ መዝገብና በስምንተኛ ክፍል ካርዴ ላይ ዝናሽ ወልደ ማርያም ነኝ። በዲጂታል መታወቂያዬ ላይ ደግሞ ዝናሽ ሞላ። የመታወቂያው ቁጥር ሲገባ ሲስተሙ ስሙን ራሱ ያመጣል፤ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ቀይ ጽፎ ይመልሳል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና አልተመዘገብኩም ማለት ነው።

«ከሁለቱ አባትሽ የትኛው ነው?» አለኝ።

«ሁለቱም» አልኩት።

ከሰልፉ የሳቁ ነበሩ። እኔ ለቀልድ አላልኩትም።

አባቴን አገሩ በሙሉ የሚያውቀው ቄስ ሞላ ብሎ ነው። ወልደ ማርያም የክርስትና ስሙ ነው። በዚያ የሚጠሩት ካህናቱ ብቻ ናቸው፣ እነሱም በጸሎት ጊዜ። አንደኛ ክፍል ስገባ እሱ ለአገልግሎት ሌላ ደብር ሄዶ ስለነበር፣ ያስመዘገቡኝ ታናሽ ወንድሙ ናቸው፣ አጎቴ ቄስ ምስጋናው። መምህሩ የአባት ስም ሲሏቸው «ወልደ ማርያም» አሉ። ለአጎቴ ስም ማለት በጥምቀት የወጣው ነው፤ ሞላ የሚለውን ከስም አይቆጥሩትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አምና መታወቂያ ሳወጣ ደግሞ እናቴ «የሞላ ልጅ» አለች፤ እሷም አልዋሸችም።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። የነገረኝ ይህን ነው፦

አባቴ ራሱ ቀርቦ ያስረዳ። ወይም ሞላና ወልደ ማርያም አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ይወስንልኝ። ምዝገባው የሚዘጋው የዛሬ ሳምንት ሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እሱም ምንም ማድረግ አይችልም።

«አባቴ የለም» አልኩት።

«የት ሄደ?»

«ሞቷል። ሰኔ ላይ።»

ይቅርታ ጠየቀኝ። ለሰው ስነግር እንደ ስልክ ቁጥር ነው ከአፌ የሚወጣው።

ምዝገባው ካለፈኝ ዓመት መጠበቅ ነው። ዓመት የሚጠብቅ ደግሞ ሰቆጣ ቤት ተከራይቶ አይቀመጥም፤ ደሃና፣ እናቴ ዘንድ እመለሳለሁ። ከታላላቆቻችን ሴቶች እንዲህ ብላ አገር ቤት ገብታ ተመልሳ 12ኛ ክፍል የተቀመጠች አላየሁም። ይህን ሳስብ መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም። የነነዌ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላሁም፣ ከዘጠኝ በኋላም አልራበኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስፈቅጄ ፍርድ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ «ተከሳሹ ማነው?» አለኝ። ማንም የለም አልኩት። ተከሳሽ የሌለው ማመልከቻ ሲጽፍ ጥሩ ስሜት እንደሚሰጠው ነገረኝ።

ቀጠሮ ሰጡኝ፦ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን መሆኑን ስነግራቸው ከዚያ በፊት ክፍት ቀን የለም አሉ። የሚያስፈልገኝ፦ የክርስትና ስሙን የሚገልጽ የደብሩ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት። ሁለት ምስክር። ምስክሮቹ ሁለቱንም ስም የሚያውቁ መሆን አለባቸው፣ ምለው ነው የሚመሰክሩት።

እኛ መንደር ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። አጎቴ ጉብታው ላይ እስኪወጡ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስደውል ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ አነሱ። ጾሙን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ድምፃቸው ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ደብዳቤውን አጽፍልሻለሁ። ምስክርነቱ ግን አይሆንም፣ ልጄ። ካህን አይምልም። ቃሉ አትማሉ ነው የሚለው።»

«አጎቴ፣ ስሙን ያስመዘገቡት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ልክ አድርጌ ነው ያስመዘገብኩት። ስሙ እሱ ነው።»

«እንግዲያው እሱኑ ይመስክሩልኝ።»

«ማርያምን አልምልም» አሉኝ።

ማርያምን ብለው አልምልም አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን ይዤ እስከ ዋናው መንገድ እስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቅኩም። ሌሎቹን ካህናት ይጠይቁልኝ አልኳቸው፤ እነሱም አይምሉም። የሚምሉት ገበሬዎቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከሞላ ሌላ ስም አያውቁም። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይኸው ነው። «ሰው እፈልግልሻለሁ» ብለው ዘጉት።

ረቡዕ፣ ጥር 27

የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «ዝናሽ ሁለት አባት አላት፣ ለሌላችሁ አንዱን ታበድራለች» ብሎ ጽፏል። ብዙዎች የሚስቅ ፊት ለጥፈውለታል። እኔም ለጠፍኩለት። ካልለጠፍኩ ይበልጥ ያወሩታል።

የፊዚክስ ፈተና ከሃያ አሥራ ስድስት። የት እንደተሳሳትኩ አላየሁም።

ገነት የምዝገባ ወረቀቷን ባዮሎጂ ሃንዳውቷ ውስጥ ደብቃዋለች። ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ገነት የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ ቤት የተከራየነውም አብረን ነው፤ እሷም ከደሃና፣ ከእኛ ማዶ ካለው መንደር ናት። ሰኞ ዕለት ከእኔ ፊት ተሰልፋ በአንድ ደቂቃ ተመዝግባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ስለ ፈተና አታወራም። መደበቁን ታውቅበታለች።

ይህን ጽፌው አላውቅም፣ ዛሬ ልጻፈው። የ11ኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ሲል አባቴ ሞተ። ቤተሰቡ ተማከረና «ፈተና ላይ ናት፣ ትጨርስ» አለ። በእኛ አገር ለተማሪ መርዶ የሚነገረው ከፈተና በኋላ ነው። ለደግ ነው። ዘጠኝ ቀን አልተነገረኝም፤ ገነት ግን ታውቅ ነበር። ዘጠኙን ቀን እንጀራ አቀረበችልኝ፣ ሒሳብ አብራኝ ሠራች፣ እርሳሴን ቀረጸችልኝ። ከክፍል ሦስተኛ ወጣሁ። አባቴ ከተቀበረ በኋላ የሠራሁት ፈተና ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ሠርቼ አላውቅም።

አገር ቤት ስደርስ ለቅሶው አልቋል። ሴቶቹ ለእኔ ሲሉ እንደገና ተነሥተው አለቀሱ፣ ድምፃቸው ግን ተዘግቶ ነበር። እንደገና ስላደከምኳቸው አፈርኩ እንጂ አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። ጠንካራ ናት ይሉኛል። ጠንካራ አይደለሁም። ምንም አይሰማኝም፣ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ጾሙ ትናንት አለቀ።

ኮምፒዩተር ክፍል ገባን። ፈተናው በኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል ስለተባለ ለሦስት አንድ እየሆንን ማውዝ መያዝ ተለማመድን። እኔ ስይዘው ቀስቷ ከጥግ ጥግ ትሮጣለች። የኮምፒዩተር መምህሩ ሙከራ ፈተና ከፈተልንና «ሙሉ ስማችሁን አስገቡ» አለ። ዝናሽ ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ከጎኔ ያለችው ልጅ «ጨርሺው እንጂ» አለችኝ። ተራዬን ለእሷ ሰጠኋት።

ቤት ስንመለስ ገነትን ጠየቅኋት። ሰባት ወር ሙሉ ያልጠየቅኋትን።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ስለ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ድንች እየላጠች ነበር፣ አላቆመችም።

«እናትሽ አስምለውኝ ነበር» አለች። «በስልክ። በማርያም በይ አሉኝ፣ አልኩ። አንዴ ከማልኩ ምን ላድርግ?»

«ማፍረስ ነዋ።»

«አንቺ ታፈርሺው ነበር?»

አንዷ ምላ ዝም አለች፣ አሁን ደግሞ አጎቴ ላለመማል ዝም ይላሉ። በሁለቱም መካከል የምገኘው እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ፤ መናደዴን ሳውቅ ደስ አለኝ ልበል? ቢያንስ የሆነ ነገር ነው። ድንቹን አብረን በላን።

ዓርብ፣ ጥር 29

አጎቴ ራሳቸው ደወሉ። ሁለት ሰው አግኝተዋል። አንደኛው ጓንጉል ነው፣ ጎረቤታችን፣ የአባቴ የእርሻ ጓደኛ። ሁለተኛው አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ በደብሩ መቃብር የሚቆፍሩት ሽማግሌ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራቸዋለሁ።

«ሁለቱንም ስም ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ጓንጉልን ሥራ በዛበትና በቅጡ አልጠየቅሁትም። ደሴ ያውቃል። አማርኛው ግን ትንሽ ነው፣ ኽምጣና ነው የሚናገረው።»

ፍርድ ቤት ደውዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ኽምጣና ስለሚችል እሱ ያስተረጉማል አሉኝ። እኔ ላስተርጉም አልኩ፤ ባለጉዳይ አያስተረጉምም።

ከሰዓት ሆምሩም መምህራችን ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ ምን ትማራላችሁ ብሎ ሦስት ምርጫ አስጻፈን። ገነት ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርስ። እኔ አንድ ላይ «ምዝገባ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለትና ሦስትን ባዶ ተውኳቸው። መምህሩ አንብቦ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ልብስ አጠብኩ። ኬሚስትሪ ሁለት ምዕራፍ ገለጥኩ፣ አላነበብኩም። ምስክሮቹ መንገድ ላይ ናቸው ወይስ አልተነሡም፣ ማንም አያውቅም፤ ጉብታው ላይ የወጣ ሰው የለም።

እሁድ፣ የካቲት 1

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭነት መኪና መጡ። ግማሽ ቀን በእግራቸው ወጥተው ወርደው ነው መንገድ ላይ የደረሱት። ጓንጉል አቧራውን እያራገፈ ከመኪናው ጀምሮ ያወራል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ በሬው፣ ሰቆጣ ስለበዛው ባጃጅ። አያ ደሴ ከኋላ ነው የወረዱት። የደብሩን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልለው ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡልኝ። እናቴ የላከችውን በሶም ሰጡኝ። ጉልበታቸውን ልስም ስል አነሡኝ። እጃቸው በጣም ትልቅ ነው።

ገነት ምሳ አቀረበች። ሲበሉ በኽምጣና ጠየቅኋቸው።

«አያ ደሴ፣ ወልደ ማርያም የሚለውን ስም የት ሰሙት?»

«ነገ ለዳኛው እናገራለሁ» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ አላወራም።»

ጓንጉልም ጠየቀ፦ «ማነው ወልደ ማርያም?»

ገነት ወደኔ አየች። አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀና «አሃ፣ እንግዲህ አውቄዋለሁ እላለኋ» አለ። የማታውቀውን አትበል አልኩት። ቢል እንኳ ሲዋሽ ከሩቅ ነው የሚያስታውቀው። ሁለቱም የጓንጉል ዘመድ ቤት አደሩ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ተባለ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠራን። ዳኛዋ ወጣት ናቸው፣ የዚህ አገር ሰው አይደሉም። የደብሩን ደብዳቤ አነበቡና «ይህ ወልደ ማርያም የሚባል ካህን እንደነበረ ያሳያል። ሞላ እሱ መሆኑን ምስክር ያስረዳ» አሉ።

ጓንጉል መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ማለ። ቄስ ሞላን ከልጅነት ጀምሮ አውቃለሁ አለ፤ ዝናሽ ልጁ ናት አለ። ወልደ ማርያምስ ሲሉት ላቡ መጣ።

«ክቡርነትዎ፣ ምያለሁ እንግዲህ። አላውቀውም።»

«ቤተ ክርስቲያን ሲጠራ አልሰማህም?»

«በግዕዝ ሲሆን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ሰው ሳቀ፣ ዳኛዋም አቀረቀሩ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። እንግዲህ አልቋል ብዬ አሰብኩ፤ በሶውን እዚሁ ለገነት እተወዋለሁ ወይስ ወደ ደሃና ይዤው እመለሳለሁ እያልኩ ነበር።

ከዚያ አያ ደሴ ማሉ። በኽምጣና ተናገሩ፣ ቆመው፣ ቀስ ብለው። ጸሐፊው አንዴ ሊያቋርጣቸው ሞከረ፣ በእጃቸው ከለከሉት። ያሉት ይህ ነው፦

«እኔ የዚያ ደብር መቃብር ቆፋሪ ነኝ። ቄሱ የሞተ ዕለት ዝናብ ነበረ፤ አፈሩ እየተናደ ሁለት ጊዜ ቆፈርኩ። አስከሬኑ ሲመጣ አልቃሾቹ ሞላ፣ ሞላ እያሉ መጡ። ሚስቱ ሞላ አለች። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱለት ወልደ ማርያም አሉ፣ ደጋግመው። እኔ ግዕዝ አላውቅም፣ ስም ግን ይሰማል። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ሁለቱንም እሰማ ነበር። በዚህም በዚያም የተጠራውን በእነዚህ እጆቼ ተቀብያለሁ፤ አንድ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ አስተኛሁት። አፈሩን ልመልስ ስል ሚስቱ አንድ እፍኝ አፈር በነጠላዋ ጫፍ ይዛ መጣች። ዝናሽ ፈተና ላይ ናት፣ ይህን ለእሷ አድርግላት አለችኝ። በልቡ በኩል አደረግኩት። ከዚያ መለስኩ።»

ጸሐፊው ለዳኛዋ፦ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው ይላሉ።»

«ይህን ሁሉ ቆይተው ይኸው ብቻ ነው ያሉት?»

«ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፣ ቀብሩ ላይ ነው የሰሙት።»

ዳኛዋ ጻፉ። ተነሥቼ ይህ ብቻ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር፣ ባለጉዳይ ግን አያስተረጉምም። መዝገቡ ላይ የገባው አንድ መስመር ነው። ጓንጉልን እንደገና አስነሥተው «የተቀበረው ሰው አንተ የምታውቀው ሞላ ነው?» አሉት። «እኔም ተሸክሜዋለሁ፣ እሱ ነው» አለ። ይህንን ሳይዋሽ መመስከር በመቻሉ ፊቱ በራ።

ውሳኔው ስምንት ሰዓት ላይ ማኅተም ተመትቶ ወጣ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ በመታወቂያው ይስተካከል ይላል። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የሬከርድ ክፍሉ ሰውዬ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ፣ ስሙን አስተካከለ፣ ቁጥሩን አስገባ። አረንጓዴ ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ነበር። ዝናሽ ሞላ ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። አጎቴ ይከፋቸዋል፤ ይክፋቸው።

ገነት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን አሳየኋት። እቅፍ አደረገችኝ፣ እኔም እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ። አያ ደሴ ምን አሉ ስትለኝ በኋላ እነግርሻለሁ አልኳት።

ቤት ገብቼ ደወልኩ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ጉብታው ላይ ነበረች፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። ተመዘገብኩ አልኳት። እልል ልትል ጀምራ ተወችው፣ ሐዘን ላይ ናት።

«እማ፣ ፈተናው ሰኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በፈተና መሐልም ቢሆን፣ ምንም ነገር ቢሆን፣ ንገሪኝ። በማግስቱ አይደለም፣ በዕለቱ።»

ነፋሱ ይሰማል።

«እሺ» አለች።

«ማዪልኝ።»

«እናትሽን ታስምያለሽ?»

«አዎ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ ሰኮንዱ ይቆጥራል። ከዚያ በማርያም ብላ ማለችልኝ፣ ቀስ ብላ፣ አጠገቧ ሰው ያለ ይመስል። ደህና ዋይ አልኳትና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ መጣ። ብዙ አይደለም። ገነት አየችና ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች።